በሩ ላይ የሰቀልኩት ክብ አበባ

ሰው ሠራሽ አበባ አይደርቅም ብለው የሚያሞግሱት ሠርተውበት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ይደርቃል እንጂ! ፀሐይ ሲያገኘው ቀዩ ይነጣል፣ ሐምራዊው አመድ ይመስላል፤ አቧራ ሥሩ ገብቶ ይጋገራል፤ ሙጫው እየተላቀቀ አበባው አንገቱን ይደፋል። ዘጠኝ ዓመት በዚህ አበባ ስለኖርኩ በዚህ ጉዳይ የሚከራከረኝ ሰው አልወድም። መቱ ውስጥ ለሰርግ አዳራሽ፣ ለሙሽራ መኪና፣ ለምርቃት መድረክ አበባ አስተካክል ነበር። ገና ሲቃረብ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቼ የጥድ ጌጥ እሠራ ነበር። አሁን አልሠራም። ለምን ተውሽው ለሚሉኝ «እጄን አመመኝ» እላቸዋለሁ። እጄን ምንም አላመመኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲዞር ከርሞ የወየበውን አበባ ከግንዱ እነቅለዋለሁ። ቅጠል ቅጠሉን አላቅቄ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥብና ጥላ ውስጥ አሰጣዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይኮማተራል። ጫፉ የተተረተረውን በመቀስ እከረክምና ለሻማ እሳት ላፍታ አሳየዋለሁ፤ ክሩ ቀልጦ ይያያዛል። ትንሽ ከዘገዩ ግን ይነድና ጣትንም ይዞ ይሄዳል። አሮጌ ጋዜጣ ጨምድጄ በክር አጠብቀዋለሁ፤ ላዩን በአበባ ስሸፍነው ጥድ ላይ የሚንጠለጠል ኳስ ይሆናል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ጋ ሲቆረጥ ደወል ይወጣዋል። ኮከቡ ከካርቶን ነው። ሆቴሎቹም መሥሪያ ቤቶቹም ይወዱልኝ ነበር፤ ከሁሩሙና ከጎሬ ድረስ መጥተው ያዝዙኝ ነበር።

እናቴ ወሎ ተወልዳ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር የመጣች ሰው ነች። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ታላቅየዋና እሷ። ሰፋሪ የሚጭነው መኪና እናቴን ከጫነ በኋላ ሞላ ተባለ። ታላቅሽ በሚቀጥለው ትመጣለች አሏት። የሚቀጥለው መኪና አልመጣም፤ ወይ መጥቶ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ እኔ አላውቅም፣ እነሱም አያውቁም። እናቴ እዚህ አገባች፣ እኔን ወለደች፣ አባቴን ቀበረች፣ ከሰፈራው መንደር ወጥታ መቱ ገባች፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ ተጣልታ በኦሮምኛ ታረቀች። ኑሮዋ እዚህ ሆነ። እህቷን ግን አላየቻትም።

ታላቅየዋ እዚያው ወሎ ነበር የቀረችው፤ መጀመሪያ በደብዳቤ ተገናኙ፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ እሁድ እሁድ ይደዋወሉ ነበር። ሁለቱም ስልኩን ስለማያምኑት ይጮኹበታል። ማሳረጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዓይኔ ሳይጠፋ ነይ» ትላታለች ታላቅየዋ። «መጣሁ» ትላታለች እናቴ። መጣሁ ስትል የእኔ ልጅነት አለቀ። አንድ ዓመት እኔ ታመምኩ፣ አንድ ዓመት ቤቱ አፈሰሰ፣ አንድ ዓመት መንገዱ ጥሩ አይደለም ተባለ። የድሃ መንገድ መቼም ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ሆዷን ያማት ጀመር። ኅዳር እንደገባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበር፤ እሷን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ዕጢ ነው፣ ጉበቷ ድረስ ሄዷል፣ የሚቀራት ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ነው አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፦ «አሁን ገና በእግሯ ትሄዳለች። የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን አድርጉላት።» ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ይህ ቃሉ አይጠፋኝም።

ስወጣ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ጨጓራ ነው» አልኳት።

በእኛ አገር በሽተኛ ሞቱን የሚሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ እድርተኛ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፤ የሚሞተው ሰውዬ ብቻ ብርቱካን እየተላጠለት «ዛሬስ ፊትህ ጥሩ ነው» ይባላል። ደግነት ይሉታል። እኔም በዚህ ስላደግኩ ሁለቴ አላሰብኩም፤ አፌ ራሱ ተናገረ።

«ጨጓራ ከሆነማ ምን አስቀመጠኝ?» አለች ወደ ቤት ስንሄድ። ክንዴን እንኳ አልያዘችም፤ ፊት ፊቴ ነበር የምትራመደው። «እህቴን አይቼ ልምጣ። በጋ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው።»

«ተይ እማ፣ መድኃኒቱን ጨርሺ እንጂ» አልኳት። «ገና ይለፍና ድነሽ ትሄጃለሽ። እኔም ሥራዬን ጨርሼ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

ደስ አላት። ይኸው ነው፤ ያን ቀን የተናገርኩት ይህን ያህል ነው። ለምን እንዲህ አልኩ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሁለት ምክንያት ቶሎ ይመጣልኛል። መንገድ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ስንት ዓመት ነገ ነገ ስንል ኖረን እሺ ብዬ ፈጥኜ ብነሳ ትጠረጥራለች አልኩ፤ በሽተኛ ተጣድፎ ወደ አገሩ የሚወሰደው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሦስተኛውን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፦ የገና ሥራ ተቀብዬ ነበር። አራት ቦታ ቃል ገብቻለሁ። ገና በዓመት አንዴ ነው አልኩ። እናት ስንቴ እንደሆነች አላሰብኩም።

እንዳታስብ ብዬ ሥራ ሰጠኋት። አልጋዋ ላይ ትራስ ደግፌ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ አኑሬ፣ የታጠበውን አበባ እከምርላታለሁ፤ እሷ የተተረተረውን ጫፍ ትከረክማለች። ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ትለያለች። ጎበዝ ነበረች፤ ከእኔ ይልቅ እጇ ይፈጥናል። መጀመሪያ ሰሞን እየቀለደች ነበር የምትሠራው። «ለካ ያሳደግኩሽ ለዚህ ኖሯል» ትለኛለች፤ እኔም እስቃለሁ። ቀኑን ሙሉ አበባ ስትከረክም ውላ ማታ ስለመንገዱ ትጠይቀኛለች። አዲስ አበባ የት እናድራለን? ከዚያ ወዲያ ያለው አውቶብስ ስንት ሰዓት ይነሳል? እህቷ ቤት የሚያደርሰው መንገድ በጋሪ ነው በባጃጅ? ሁሉንም እመልስላታለሁ። አንዱንም አላውቀውም፤ ግን እመልስላታለሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ውሸት እያደር ከበደ። ብቻዬን መቻል ስላቃተኝ ለጎረቤታችን ነገርኳት። የእናቴ የልብ ወዳጅ ነች፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ የሴቶቹ እድር ጸሐፊ። «ዋቆ! አምላኬ!» ብላ አፏን ያዘች፤ በአምላክ ስም ለሰው አልናገርም ብላ ማለች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ይመላለስ ጀመር። አንዷ ማር ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ለስላሳ። ሁሉም ቁጭ ይሉና እናቴን ትክ ብለው ያዩዋታል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ያዝኑልኛል። እናቴ አንድ ቀን እንግዶቹ እንደወጡ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» አለችኝ። «በጨጓራ እንዲህ ከተዋደድን በወባማ ምን ልንሆን ነው?»

በታኅሣሥ አጋማሽ ጓሮ ድረስ መሄድ አቃታት። ሰውነቷ አልቆ ሆዷ ብቻ ቀረ። «ይሄ መድኃኒት እያባሰብኝ ነው» ትላለች። «ሊድን ሲል እንዲህ ያደርጋል» እላለሁ እኔ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይናገራል አትበሉኝ። አንዴ ከጀመሩት ሌላው ራሱን እየጎተተ ይመጣል።

የታዘዝኩትን ሁሉ ጨርሼ ያስረከብኩት ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ለራሳችን ቤት የሚሆን ጌጥ ግን አልቀረኝም፤ ቀዩና ወርቃማው ሁሉ ለሆቴሎቹ ሄዷል። የቀረኝ ነጭና ሐምራዊ ብቻ ነበር። ስልኬ ላይ የፈረንጅ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ክብ የአበባ ጌጥ አይቻለሁና እሱን ልሥራ አልኩ። ክቡን የሠራችልኝ እናቴ ነች። ወሎ ሳለች ሰፌድና ሞሰብ ትሰፋ ስለነበር ደረቅ ሣር በቃጫ እየጠመጠመች፣ እየደከማት፣ እያረፈች ስትሠራ ውላ እንደ ሰፌድ ጠርዝ የተስተካከለ አድርጋ ሰጠችኝ። «ለጠረጴዛ ነው?» አለች። ለበር ነው አልኳት። «እንግዲያ ነጩን ከላይ አድርጊው፤ ከሩቅ ይታያል።» ነጩን ከላይ፣ ሐምራዊውን ከሥር አድርጌ ጎነጎንኩት። በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ በራችን ላይ ሰቀልኩት፤ ራቅ ብዬም አየሁት፤ አምሮልኝ ነበር።

አንባቢ ቀድሞኝ ገብቶታል። በእኛ ከተማ ክብ የአበባ ጉንጉን የሚታየው አንድ ቦታ ነው፤ ከሬሳ ሳጥን ፊት። በዚያ ላይ ነጭና ሐምራዊ! ይህን መቱ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ ገናን ብቻ ሳይ ስለከረምኩ ሌላ ነገር ማየት ተስኖኝ ነበር።

የገና ዕለት ጠዋት ጓሮ ማድ ቤት ውስጥ የዶሮውን ወጥ እያማሰልኩ ከፊት በኩል የሴት ጩኸት ሰማሁ። የለቅሶ ጩኸት ነው። ማን ሞተ ይሆን፣ በዓመት በዓል ቀን ብዬ በሰው አዘንኩ። ጩኸቱ ግን ቀረበ፤ ሌላም ተጨመረበት። ጭልፋውን እንደያዝኩ ዞሬ ስመጣ ግቢያችን ነጭ በነጭ ሆኗል። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓል የለበሱትን ነጠላ ለሐዘን ዘቅዝቀውታል። ጎረቤታችን እናቴ የተኛችበት ክፍል መስኮት ሥር ቆማ ደረቷን ትመታለች፦

«አዮ! እናቴ! ሐኪሙ ሁለት ወር ብሎ ሁለት ወር! አንድ ቀን ሳታልፍ! አገሬን አገሬን እንዳለች! እህቴን እህቴን እንዳለች!»

«ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩ። በለቅሶ መሃል የሚጮህ ሰው ዝም በይ ማለቱን ማን ይሰማዋል? ሁለት ሴቶች መጥተው አቀፉኝና «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ማነው የሞተው?»

ጎረቤታችን እየሮጠች ገብታ እግሯ ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ! አበባውን በሩ ላይ አይቼ ነው! አበባውን አይቼ ነው!» ሌሎቹ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ በዓሉ አለባበስ መለሱ። አንዷ ግራ ገብቷት «እንኳን አደረሰዎት» አለች። በዚህ መሃል የእድሩ ወንዶች ሁለቱ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ደረሱ፤ «የት ጋ እንትከለው?» አሉ። ሰው ሁሉ በእጁ ሂዱ ሂዱ አላቸው። አሁን ለሰው ሳወራው ይስቁበታል። ይሳቁ፤ ለእነሱ ያስቃል።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እናቴ ቀና አድርጊኝ አለችኝ። ትራሱን ደገፍኩላት። አላለቀሰችም።

«ሐኪሙ መቼ ነው ሁለት ወር ያለው?»

«ኅዳር ላይ።»

«ጨጓራ ነው ያልሽኝ ቀን?»

«አዎ።»

«ያን ቀን በእግሬ ነው የተመለስነው።»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እማ።»

«እኔ?» አለች። «እኔ በረሃቡ ጊዜ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ ከጎኔ የተኛውን ሰው በሕይወት አለ ወይ ብዬ ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔን ሞት ያስደነግጠኛል ብለሽ? ቢነገረኝ ኖሮ ያን ማታውኑ ጓዜን እቋጥር ነበር። አንቺ አበባ ታስከረክሚኛለሽ!»

ደውይልኝ አለችኝና ለእህቷ ደወልኩ። ታላቅየዋ ድምፃችንን እንደሰማች «ገና ደረሰ እኮ! መቼ ትነሻለሽ? ቤቱን አስለቅልቄ፣ መኝታሽን አዘጋጅቼ እየጠበቅኩሽ ነው» እያለች ጮኸች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «ነገ» አለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ቃል ገብተሻል። ነገ ትወስጂኛለሽ።»

ሰው ሁሉ ከለከለኝ። ጎረቤታችን መሬት ላይ ተንከባላ ለመነችኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ የምከለክልበት አፍ አልነበረኝም። በማግስቱ በጀርባዬ አዝዬ መናኸሪያ አደረስኳት፤ አንድ ፍሬ ልጅ ያዘልኩ ያህል እንኳ አልከበደችኝም። በደሌ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥኳትና እጇን ያዝኩ። ከመቱ ስንወጣ መስኮቱን አስከፍታ ነፋሱን ተቀበለች። የለበሰችው ነጭ ነጠላ ነበር፤ ፀጉሯን አበጥሬላት ነበር። ጥቂት እንደሄድን ጥርሷን ነከሰች። መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር እጄን ትጨብጣለች፤ ድምፅ ግን አታሰማም። ሁሩሙ ልንገባ ስንል አስመለሳት። ደም ነበረበት። ሹፌሩ መኪናውን አቆመና አየኝ። «እህቴ፣ እኚህ እናት በደሌም አይደርሱም» አለኝ በቀስታ።

ሁሩሙ ወረድን። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ማሩን፣ ቡናውን ተሸክሞ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ጋቢ አንጥፌ አስተኛኋት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ። እናቴ ዞራ የሄደበትን አቅጣጫ ትመለከት ነበር። ለሠላሳ ዓመት መጣሁ መጣሁ ያለችው መንገድ ከመቱ ሁሩሙ ድረስ ሆነ፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ። ከዚያ በኋላ የኖረችው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ እህቷም ሳታያት ቀረች።

«ወሎ ከዚህ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ቀን» አልኳት። ከኅዳር ወዲህ ስለመንገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የነገርኳት ያን ቀን ነው።

«ሁለት ቀን» አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው። ደግሞ «ኅዳር ስንት ቀን አለው?» አለችኝ።

«ሠላሳ።»

«ታኅሣሥስ?»

«ሠላሳ» አልኳት።

ወደ መቱ የሚመልሰን መኪና እስኪመጣ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።